ቀለሙ የሚበጠበጠው ለየትኛው ብርሃን ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ለሚሠራ ሰው ክንፍና ጭራ ማጣበቅ ቀላሉ ሥራ ነው። ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይወጣዋል። ፕላስቲኩን አውሮፕላን የሚያስመስለው ቀለሙ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚገባውን ክብር የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው። የጀርመን አየር ሚኒስቴር ለመደበቂያ ቀለሞቹ ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። 70 ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው አረንጓዴ፣ 71 ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ 65 ደግሞ የአውሮፕላኑ ሆድ የሚቀባበት ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ከ1941 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለተዋጊዎቹ ዳለቻዎቹ 74፣ 75 እና 76 መጡ። ለሰሜን አፍሪካ በረሃ የተመደቡት ሰማያዊው 78፣ ቡላው 79 እና ወይራማው 80 ናቸው። በበጋ በከሚሴ ዙሪያ ያሉት ጋራዎች ቡላ ሆነው የጨፋ ረግረግ ግን ለምለም እንደሆነ ሲቆይ ያየ ሰው፣ በ79 ላይ የ80 ነጠብጣብ ለምን እንደተረጨ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ራሱ እንደ ቀለም ሲቆጠር ነው።

የክንፉ ርዝመት 9.9 ሜትር ገደማ የሆነው ሜሰርሽሚት 109 በ1/72 መጠን ሲሠራ 14 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህች ትንሽ ነገር ላይ ትክክለኛው 71 ሲቀባ ሞዴሉ ጥላሸት የጠጣ ይመስላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ቀለሙን ያፈዝዙታል፤ የተለመደው ልክ ለ1/72 15 በመቶ፣ ለ1/48 ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ ርቀት ነው ይላሉ። ከ30 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚታይ የ1/72 ሞዴል በ21.6 ሜትር ርቀት እንደቆመ እውነተኛ አውሮፕላን ነው፤ ርቀት ደግሞ ቀለምን ያፈዝዛል የሚል ክርክር ነው። ከከሚሴ ቆሞ ከቦርከና ሸለቆ ማዶ ያለውን ተራራ ለሚያይ ሰው ክርክሩ እውነት ይመስለዋል። ቅርብ ያለው ግራር አረንጓዴ ነው፤ ተራራው ግን ደኑም ድንጋዩም ባንድ ላይ ሰማያዊ ሆኗል። ማስረጃው ግን ለጉዳዩ አይሆንም። ተራራውን ሰማያዊ ያደረገው ብዙ ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ አየር ነው። ከአስፋልቱ ማዶ 20 ሜትር ርቆ የቆመ ባጃጅ ቀለሙ ፈዞ አይታይም፤ አውሮፕላኑም በዚያ ርቀት አይፈዝም።

ታዲያ ማፍዘዙ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ስሕተቱ ምክንያቱ ላይ ነው። እውነተኛው አውሮፕላን የሚታየው በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ ሲሆን፣ የቀትር ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ሞዴሉ የሚቀመጥበት ክፍል ግን የሚያገኘው ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ዓይን ልዩነቱን በአብዛኛው ይለምደዋል፤ ጠቆር ያሉ ቀለሞች ግን በደካማ ብርሃን ይሰምጣሉ፤ እርስ በርስም ለመለየት ያስቸግራሉ። ከሚሴን በመሰለ ፀሐይዋ በበረታ ቆላ፣ መስኮቱ ጠባብ በሆነ ቤት ውስጥ፣ የውጩና የውስጡ ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል። ከዚህ የሚከተለው ውጤት ብዙዎች የሚስቱት ነው፦ ለሁሉም ቀለም እኩል 15 በመቶ ነጭ መጨመር አያስፈልግም። የሚሰምጡት 70 እና 71 ናቸውና እነሱ ብዙ ይፈልጋሉ፤ 65 ወይም 76 ግን ጥቂት ይበቃዋል፤ ያለዚያ የአውሮፕላኑ ሆድ ነጭ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ 70ን ከ71 አጉልቶ መለየትም ልክ አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ በተነሡ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ላይ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቀለም ይመስላሉ።

አበጣበጡም ነጭ ብቻ በመጨመር አይሆንም። አረንጓዴ ላይ ነጭ ሲበዛ ቀለሙ ኖራማ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። የሚሻለው ከቢጫ መነሣት ነው። በነጭ የሸክላ ንጣፍ ላይ ቢጫ ጠብ አድርጎ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጥቂት ጥቁር ሲነካበት፣ ሰማያዊ ሳይገባበት በዓይን ፊት ወይራማ አረንጓዴ ይሆናል። ጥቁሩ እየተጨመረ፣ ትንሽ ሰማያዊ ሲታከልበት ወደ 71 ይጠጋል። ለማፍዘዝ ደግሞ ቢጫ የነካው ፈዛዛ ዳለቻ ይሁን። በውኃ የሚቀጥኑት አክሪሊክ ቀለሞች ሲደርቁ ይጠቁራሉ፤ ስለዚህ እርጥቡን አይቶ መፍረድ ጥድፊያ ነው። በትርፍ ፕላስቲክ ላይ ቀብቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ለአንዱ ክንፍ ብቻ የሚበቃ በጥብጦ ሌላውን እንደገና መበጥበጥ ሁለቱን ክንፎች ለየቅል ማድረግ ነው። ከስልክ ስክሪን ላይ ቀለም የሚያመሳስሉ ሰዎች ደግሞ የሚያመሳስሉት ከስክሪኑ ብርሃን ጋር መሆኑን ሊያስቡበት ይገባል። ከጋራዥ የተገኘ ጠንካራ ቲነርም የሞዴሉን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም።

የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ የታሪክ ታማኝነት ነው፦ የሚኒስቴሩ የቀለም ደንብ እያለ ሁሉም በገዛ ዓይኑ ከበጠበጠ ሞዴሉ ማስረጃነቱን አያጣም ወይ? ደንቡ ራሱ ግን እስከ መጨረሻው አልጸናም። በ1944 ቁጥር 81 እና 82 ሲታዘዙ የቀለም ናሙና ካርድ አልወጣላቸውም፤ በርክክብ ጊዜም የቀለም ቁጥጥር ቀርቶ ነበር። ያኔ አንድ ትክክለኛ ቀለም የሚባል ነገር በፋብሪካዎቹም ዘንድ አልነበረም። ቁጥሩ መነሻ ነው፤ የቀለሙን ዘር፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚጠቁር ይነግረናል፤ ይህንን ቅደም ተከተል መጠበቅ ታማኝነት ነው። ለእኛ አገር ሠሪ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በ1929 አዲስ አበባ የገባው ዩንከርስ ደብሊው 33 አውሮፕላን ሲመጣ የጀርመን አየር ሚኒስቴር ገና አልተቋቋመም፤ በ1933 ነው የተቋቋመው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በ1935 ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በጥር 2024 ከጣሊያን የተመለሰችው ፀሐይ የተባለች አውሮፕላንም ከዚያ ደንብ ውጭ ናት። ለሁለቱ የሚጠቀስ ቁጥር የለም። የድሮ ፎቶም ብቻውን አይበቃም፤ የዘመኑ አንዳንድ ፊልሞች ቀይን ጥቁር አድርገው ያሳዩ ነበር። ስለዚህ ሠሪው ሁለት ሦስት ናሙና ቀብቶ፣ አንዴ በቀትር ደጅ፣ አንዴ ሞዴሉ በሚቆምበት መደርደሪያ ላይ ተመልክቶ፣ በመደርደሪያው ላይ ያልሰመጠውን ይምረጥ።