የዶሮ ቆጥ ወለልና የጓሮው አፈር

የገበሬ ቤት አሠራር ሲጠና ተመልካቹ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በምሰሶው፣ በማገሩና በክዳኑ ላይ ነው፤ ዶሮዎች ከሚያድሩበት ቆጥ በታች ያለችውን ጠባብ ወለል ግን ልብ የሚላት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የቤቱ ጽዳት፣ የእመቤቲቱ ድካም፣ የልጆቹ ጤንነትና የጓሮው ልምላሜ የሚገናኙት በዚህችው ወለል ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዶሮ ኩስ ሳይባክንና ጉዳት ሳያመጣ ወደ መልካም ብስባሽ እንዲለወጥ ወለሉ እንዴት መሠራት እንደሚገባው መግለጽ ነው።

ቆጥ የሚለው ቃል በአማርኛ ዕቃ የሚቀመጥበትን ከፍ ያለ ርብራብም፣ ዶሮ የሚያድርበትንም ስፍራ ያመለክታል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» በሚለው ተረት የሚታሰበው የፊተኛው ነው። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ቤቶች ዶሮዎች ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ በግድግዳው ማዕዘን በተሠራ ቆጥ ላይ ያድራሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሸለምጥማጥ፣ ሌባና ብርድ በውጭ አሉ። ከቆጡ በታች ያለው ወለል የተደለደለ አፈር ሲሆን በእበት ይለቀለቃል። ሲነጋ እመቤቲቱ በኩሱ ላይ አመድ ነስንሳ ትጠርገዋለች፤ ጥራጊውንም ከጓሮ ትደፋዋለች። ስለዚህ ከቤቱ አጠገብ ያለው ጎመንና ዱባ ሲለመልም፣ ራቅ ያለው እርሻ ፍግ ሳያገኝ ይቀራል፤ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ለማገዶ ይውላልና። በአንጻሩ በጉራጌና በሲዳማ አገር የከብቱ ፍግ ወደ እንሰቱ ሥር የመሄዱ ሥርዐት ጸንቶ የቆየ ነው።

አሁን ወደ ኩሱ ጠባይ እንመለስ። ወፎች ሽንታቸውን ለብቻ ስለማያወጡ ናይትሮጅኑ በዩሪክ አሲድ መልክ ከኩሱ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። አዲስ ኩስ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ውሃ ነው። በውስጡም ለአንድ እጅ ናይትሮጅን የሚገኘው ካርቦን 10 እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ብስባሽን የሚያበስሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይሻሉ። ጉድለቱ ካልተሟላ ትርፉ ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይተንናል። በቆጥ አጠገብ አፍንጫ የሚሰነፍገው ሽታ እንግዲህ ለአዝመራው ሊሆን ይገባው የነበረ ሀብት ሲጠፋ የሚሰጠው ምልክት ነው።

በዚህ ረገድ የአመዱ ልማድ ሁለት ገጽ አለው። አመድ እርጥበትን ይመጥጣል፤ ለመጥረግም ያመቻል፤ ልማዱም ያለ ምክንያት አልተጀመረም። ነገር ግን አመድ የአሲድ ተቃራኒ ጠባይ ስላለው፣ ከርጥብ ኩስ ጋር ሲደባለቅ አሞኒያው ፈጥኖ እንዲያመልጥ ያደርጋል። ስለ ሆነም አመዱን ከኩሱ ለይቶ ማኖር፣ ኋላም አሲድነት በበዛበት አፈር ላይ ለብቻው መነስነስ ይሻላል። በወለሉ ላይ የአመዱን ተግባር ጭድ፣ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ሊፈጽመው ይችላል፤ እነዚህ እርጥበቱን ከመምጠጣቸው በላይ የጎደለውን ካርቦን ያሟላሉ።

የዶሮ ቤት ወለል በሦስት ዐይነት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ባዶ የአፈር ወለል ነው፤ ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ኩሱ ስለሚጣበቅበት በየቀኑ መጠረግ አለበት። ሁለተኛው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ጉዝጓዝ ተነጥፎበት በየጊዜው እየተገላበጠና እየተጨመረበት ለወራት የሚቆየው ነው። ይህ ጉዝጓዝ ደረቅ ሆኖ ከተያዘ መልካም ነው፤ ከረጠበ ግን ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ የሚያመጣው ተባይ ይበረታበታል። ሦስተኛው ኩሱ ወደ ታች የሚያልፍበት ርብራብ ነው፤ ዶሮዪቱ ከኩስዋ ስለምትለይ ለጤናዋም ለብስባሹም ይመቻል።

ለአገራችን ገበሬ ተስማሚ የሚመስለው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያጣመረ ነው። ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ፣ በራሱ በር የሚዘጋ ትንሽ የዶሮ ቤት ይሠራል። ወለሉ ከመሬት ከ60 እስከ 80 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከቀጫጭን የባሕር ዛፍ ወይም የቀርከሃ እንጨት ይረበረባል። በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲሜትር ቢሆን ኩሱ ያልፋል፤ የዶሮዪቱም እግር አይሰነቀርም። ከርብራቡ በታች ባለው ደረቅ መሬት ላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል ገለባ ይነጠፋል፤ በየሳምንቱም በላዩ ስስ ገለባ ይጨመርበታል። ሦስቱ ጎኖች ብርድና አውሬ እንዳያልፍባቸው ይመረጋሉ፤ ነፋስ በማይመታው በአራተኛው ጎን አካፋ የሚያስገባ ሰፊ መዝጊያ ይደረጋል። የክዳኑ ጠርዝ ወጣ ማለትና የዝናብ ማፍሰሻ ቦይ መቆፈር የግድ ነው።

መጠኑን በግምት እናስላ። ስድስት ዶሮዎች እያንዳንዳቸው በቀን 80 ግራም ቢጥሉ፣ ግማሹም ሌሊት በቆጥ ላይ ቢወድቅ፣ በአንድ ሌሊት 240 ግራም፣ በዓመት 88 ኪሎ ያህል ርጥብ ኩስ ይገኛል። ይህ ለሰፊ እርሻ አይበቃም፤ ለጓሮ አትክልት ግን የሚናቅ አይደለም።

ሆኖም ከርብራቡ በታች ያለው ንጣፍ ቀጭን ስለ ሆነ ሙቀትን አይዝም፤ ብስባሹም በዚያ አይፈጸምም። በየሦስት ወሩ ወጥቶ ከበረት ጥራጊና ከአረም ጋር ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ያህል ሆኖ መከመር አለበት። ኩሱ አንድ እጅ ቢሆን ደረቁ ነገር በስፍር ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይሁን። ክምሩ ተጨምቆ እንደ ወጣ ጨርቅ ይርጠብ እንጂ ውሃ አያንጠባጥብ። ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለቀናት ሲቆይ፣ ክምሩም እየተገላበጠ ዳሩ ወደ መካከል ሲገባ፣ አብዛኞቹ የበሽታ ዘሮችና የአረም ፍሬዎች ይሞታሉ። ጥሬ ኩስ ቡቃያን ስለሚያቃጥል፣ አፈር አፈር እስኪሸት ድረስ መታገሥ ይገባል።

አልበርት ሃዋርድ በህንድ አገር በኢንዶር ተመሳሳይ የአከማመር ዘዴ አጥንቶ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1931 ዓ. ም. በመጽሐፍ አሳትሟል። በህንድም እበት ለማገዶ ይውል ስለ ነበር ችግሩ ከእኛ የራቀ አልነበረም።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው የጤፍ ጭድ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ ስለሚፈለግ ለዶሮ አይነጠፍም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ከብት የተወው የመኖ ትራፊ፣ ደረቅ ቅጠልና የቡና ገለፈት ይቀድማሉ። ሁለተኛው ዶሮን ከቤት ማውጣት ለሌባና ለአውሬ መስጠት ነው የሚል ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ የገጠር ቤተ ሰቦች ላይ ተደርጎ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ. ም. የታተመ ጥናት፣ ዶሮ ማርባት ከልጆች ቁመት መልካምነት ጋር፣ ዶሮን በመኖሪያ ክፍል ማሳደር ግን ከቁመት ማነስ ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አመልክቷል። ከግድግዳው ጋር የተያያዘው የዶሮ ቤት ይህን ሁሉ ለማስታረቅ የታሰበ ነው፤ ባለቤቱ የዶሮውን ጩኸት ይሰማል፤ ልጁም ከኩሱ ይርቃል።

ወደ ገጠር ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎች እንግዲህ የቤቱን ስፋት ሲለኩ፣ የቆጡንም ከፍታ ይለኩ፤ ኩሱን ማን እንደሚጠርገው፣ በምን እንደሚነሰነስና ወዴት እንደሚደፋ ይጠይቁ። አዲስ ወለል ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ማማከር የሚገባው መጥረጊያውን በየማለዳው የምትይዘውን እመቤት ነው።