ውድ ብስክሌት ምን ያህል ያፈጥናል?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2000 እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በማንችስተር የብስክሌት መወዳደሪያ አዳራሽ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያለ ዕረፍት ጋለበ። ሰዓቱ ሲሞላ የሄደው 49.441 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ካስመዘገበው በ10 ሜትር ብቻ ይበልጣል። ይኸው ቦርድማን ከአራት ዓመት በፊት፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት 56.375 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር።

ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የት ገባ? በ2000 የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) የሰዓቱን ክብረ ወሰን የሚሞክር ሁሉ መርክስ በጋለበበት ዓይነት ብስክሌት እንዲጋልብ ደንግጎ ነበር፦ ቴላዮው ከክብ ቱቦ የተሠራ፣ ቸርኬው ባለ ሽቦ፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ። በ1996 ግን ቦርድማን እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጀርባውን አጋድሞ ነበር የጋለበው። እርግጥ በ2000 ሰውየው ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ አጥንቱንም የሚያመው ስፖርተኛ ነበር። ቢሆንም የልዩነቱ ትልቁ ድርሻ የአየሩ ነው።

የኮርስ ብስክሌት ለመግዛት አስቦ በሦስት ሺህ ዶላሩና በ12 ሺህ ዶላሩ መካከል ለሚያመነታ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሜዳ ላይ የሚጋልብ ሰው በባሕር ወለል ከፍታ 150 ዋት ገደማ ያወጣል፤ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው የሚያልቀው አየርን በመግፋት ነው። አየሩን ከሚገፋው ነገር ደግሞ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የጋላቢው አካል እንጂ ብስክሌቱ አይደለም። ስለዚህ ሻጩ ስለ ቴላዮው ቅርጽ ብዙ ሲናገር የሚናገረው ስለ ትንሹ ድርሻ ነው።

ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ ይህን ማንም ሳይነግረው ያወቀ ይመስላል። በጁላይ 1993 ኖርዌይ ውስጥ 51.596 ኪሎ ሜትር ጋልቦ፣ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር ለዘጠኝ ዓመት የያዘውን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ብስክሌቱን የሠራው ራሱ ነበር፤ በውስጡም ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የተፈታ ኩሽኔታ ነበረበት። ያፈጠነው እጆቹን አጥፎ ከደረቱ ሥር የሸጎጠበት አቀማመጥ ነው። ዩሲአይ በማግስቱ ዓመት ያንን አቀማመጥ ከለከለ፤ ኩሽኔታውን የከለከለ ግን የለም።

አምራቾች ነፋስ ሰንጣቂ ስለሚባሉት ቴላዮዎችና ጥልቅ ቸርኬዎች የሚያወጡት ቁጥር ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ በብዛት የሚለካው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ይህ የውድድር ፍጥነት ነው። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ፍጥነት ሲጨምር በሦስተኛው ኃይል ያድጋል። በ45 ላይ 20 ዋት የሚያተርፍ ቴላዮ በ30 ላይ የሚያተርፈው ስድስት ዋት ብቻ ነው። በዝግታ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ብዙ ስለሚቆይ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ ትርፉ በጊዜ ሲቆጠር አሁንም አንድ ደቂቃ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ለተወዳዳሪ አንድ ደቂቃ ሕይወት ነው፤ አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ የ1989ን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈው በስምንት ሰከንድ ነበር። ለቅዳሜ ጠዋት ጋላቢ ግን አንድ ደቂቃ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ያወጣል ወይ?

ክብደትም እንዲሁ ነው። ዩሲአይ ለውድድር የሚፈቅደው ዝቅተኛ የብስክሌት ክብደት 6.8 ኪሎ ነው፤ ውዶቹ ብስክሌቶች ወደዚህ ይጠጋሉ፣ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የካርቦን ብስክሌቶች ደግሞ ስምንት ኪሎ ከምናምን ይመዝናሉ። ልዩነቱን 1.5 ኪሎ እናድርገው። ወደ እንጦጦ እንደሚወስደው ያለ፣ 500 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ዳገት እንውሰድና፣ ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ 200 ዋት እያወጣ ይውጣው። የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 33 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 1.5 ኪሎ ቢቀነስለት የሚያተርፈው 37 ሰከንድ ነው። በቴላዮው ላይ የሚሰቀሉት ሁለት ባለ 750 ሚሊ ሊትር ኮዳዎች ውሃ ሲሞሉ የሚይዙት ክብደትም ልክ 1.5 ኪሎ ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ስሌት የራሷ ጠባይ አላት። መርክስ ለክብረ ወሰኑ ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ብላ አየሯ ስለሚሳሳ ነበር፤ አዲስ አበባ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሳሳ፣ ነፋስ ሰንጣቂው ቴላዮ የሚያተርፈውም በዚያው ልክ ያንሳል። ዳገቱ ግን በየአቅጣጫው አለ። እንግዲህ የአዲስ አበባ ገዢ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለበት፣ ከቅርጹ ይልቅ ቅለቱን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከሁሉም በላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ ጥቅሙ የሚጎላው ጎማ ነው። ጎማ መሬት ላይ በዞረ ቁጥር ይለመጣል፣ ተመልሶም ይቃናል፤ በዚያ መካከል ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ወፍራምና ደረቅ ጎማ በስስና ለስላሳ የውድድር ጎማ ሲተካ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ከ15 እስከ 20 ዋት ሊተርፍ ይችላል። ይህ ቅድም ያ ውድ ቴላዮ በዚሁ ፍጥነት ካተረፈው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው፤ ጥንድ ጥሩ ጎማ ደግሞ ከ200 ዶላር በታች ይገኛል። በእርግጥ ስስ ጎማ ቶሎ ይበሳል፤ ጠጠርና ስባሪ በበዛበት መንገድ መሃከለኛውን መምረጥ ያዋጣል። ስፋትንም መዘንጋት አይገባም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከ23 ሚሊ ሜትር ወደ 28ና ከዚያም በላይ ወጥተዋል፤ ሰፊ ጎማ አነስ ባለ ንፋስ ስለሚሄድ፣ ሸካራ አስፋልት ላይ ንዝረቱ የሚበላውን ጉልበት ይቀንሳል።

ማርሹስ? ሺማኖ ለኮርስ ብስክሌት የሚሠራቸው ዕቃዎች ከክላሪስ ተነሥተው በሶራ፣ በቲያግራ፣ በ105 እና በአልቴግራ በኩል እስከ ዱራ-ኤስ ይደርሳሉ። እስከ 105 ድረስ እያንዳንዱ ደረጃ እጅ ላይ ይታወቃል። ማርሹ ይበዛል፣ ሲቀየር አያንገራግርም፣ ፍሬኑም ይሻላል። ከ105 በላይ ግን ገንዘቡ የሚሄደው በአብዛኛው ወደ ቅለት ነው። ከ2022 ጀምሮ 105 ራሱ በኤሌክትሪክ የሚቀየር ባለ 12 ማርሽ ሆኖ ስለቀረበ፣ በእሱና በዱራ-ኤስ መካከል የቀረው ዋና ልዩነት ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። ካቴናው ውድ ስለሆነ ጉልበት ይጨምራል ብሎ መጠበቅም አይገባም። በ1999 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ ካቴና ሁኔታው ሲመቻችለት ከእግር የተቀበለውን ጉልበት እስከ 98.6 በመቶ ድረስ እንደሚያስተላልፍ አሳይቷል። ከዚያ በላይ የሚገዛ ነገር ብዙም አልቀረም።

ይህ ሁሉ ርካሹን ግዙ ማለት አይደለም። በዋጋ መሰላሉ ታችኛ ጫፍ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገዛው ደኅንነትን ጭምር ነው። እዚያው የእንጦጦው ዓይነት ዳገት ላይ የወጣው ሰው ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከአንድ ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃ ማፍላት ይችላል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል፤ ቀሪውን ፍሬኑ ሙቀት አድርጎ መጣል አለበት፣ ያውም በክረምት ዝናብ። በዘይት ግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ በጣት ጫፍ ይታዘዛል፤ እርጥብ ቸርኬ ላይ የሚይዝ ርካሽ የጎማ ፍሬን ግን መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፣ በዚያች ቅጽበትም ብስክሌቱ ሜትሮችን ይሄዳል። ለዚህ መክፈል ይገባል።

የዓለም ታላላቅ ቡድኖች በ6.8 ኪሎ ብስክሌት ቢጋልቡ አያስደንቅም። በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ የጋለበው በቡድኑ ብስክሌት ነው። እዚያ ሰከንድ ደመወዝ ነው፣ ብስክሌቱንም የሚገዛው ጋላቢው አይደለም።

ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ፍርዱ ግልጽ ነው። የካርቦን ወይም የጥሩ አሉሚኒየም ቴላዮ፣ 105 ወይም የሱ አቻ፣ የዘይት ዲስክ ፍሬን ይበቃዋል። የተረፈውን ገንዘብ ለጎማ፣ ለራስ ቁር፣ ኮርቻውንና መሪውን በአካሉ ልክ ለሚያስተካክልለት ባለሙያ ያውለው፤ ጀርባን ሳያሳምም ዝቅ ብሎ መቀመጥ ከየትኛውም ቴላዮ ይበልጣልና። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ደግሞ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቀው፦ ይህ ቴላዮ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ጎማ ያስገባል? ካቴናውና የፍሬን ሸራው ሲያልቅስ ምትኩ እዚሁ ከተማ ይገኛል?