ራጅ አንባቢው ኮምፒዩተር

በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ወታደር በሚያድርበት ሠፈር የአንድ ሰው ሳል የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሳንባ ነቀርሳ በአየር ይተላለፋልና፣ ባል ከጓዶቹ የወሰደውን ለሚስቱና ለልጆቹ ያደርሳል።

በሽታውን ቀደም ብሎ ለመያዝ የደረት ራጅ ጠቃሚ ነው፤ ችግሩ ፎቶውን የሚያነብ ሐኪም በየጠረፉ አለመገኘቱ ነው። ይህንን ክፍተት እንዲሞላ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ሥራ ላይ ውሏል። ኮምፒዩተሩ የበሽተኞችንና የጤነኞችን እጅግ ብዙ ፎቶዎች አይቶ የሠለጠነ በመሆኑ፣ አዲሱን ፎቶ መርምሮ የጥርጣሬውን መጠን በቁጥር ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች መሣሪያው በሰው አንባቢ ምትክ ሊሠራበት እንደሚችል አስታውቋል። ምክሩ ከዚያ በታች ያሉትን ልጆች አይመለከትም።

ሆኖም ቁጥሩ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። ወሰኑ ዝቅ ቢል ብዙ ጤነኛ ይጠረጠራል፤ ከፍ ቢል በሽተኛው ያመልጣል። ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚተኩስም፣ የሚያንቀላፋም ዘብ እንደማይጠቅም ወታደር ያውቃል። የዳነ ሰው የቆየ ጠባሳ እንኳ መሣሪያውን ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ የተጠረጠረ ሁሉ አክታው ይመረመራል።

ይህ ሁሉ ግን ሰውየው ራጁ ፊት ሲቆም ነው። «ብርድ ነው» እያለ ሳሉን የሚደብቀውን ወታደር (እኛ መኮንኖችም ከዚህ ነፃ አይደለንም) ኮምፒዩተሩ አያየውም። ሌሊት የምትሰማው፣ ላብ ያራሰውን አንሶላ የምታጥበው ባለቤቱ ናት። እኅቶቻችን ሆይ፣ ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ፈቃዱን አትጠብቁ፤ ይዛችሁት ወደ ክሊኒክ ሂዱ።