ለስደተኛ በሩን የከፈተ ግቢ

በስደተኝነት አሜሪካ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በቤት ነው። አከራይ የክሬዲት ታሪክና የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ሁለቱንም ከየት ያምጣ? ስደተኛውን የሚቀበለው ድርጅት የሚሰጠው የመጀመሪያ ድጋፍ 90 ቀን ቢቆይ ነው። የመጣበት ትኬት እንኳ ብድር ነው፤ በየወሩ ይከፍላል።

መስከረም 2015 እ.ኤ.አ. የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ በአውሮፓ ያለ ደብር ሁሉ አንድ የስደተኛ ቤተሰብ እንዲያስጠጋ ጥሪ አቀረቡ። በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ፣ በጊልፎርድ ኮሌጅ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ዲያ አብዶ ጥሪውን ወደ ራሳቸው ግቢ አዞሩት። ዮርዳኖስ ተወልደው ያደጉ፣ አያቶቻቸው ፍልስጤማውያን ስደተኞች የነበሩ ሴት ናቸው። ኮሌጁንም ሰላምንና እኩልነትን የሚሰብኩት ኩዌከር የተባሉ ክርስቲያኖች በ1837 የመሠረቱት ነውና ሐሳቡ ባዕድ አልሆነበትም። “ኤቭሪ ካምፐስ ኤ ሬፊዩጅ” (እያንዳንዱ ግቢ መጠለያ) የተባለው እንቅስቃሴ እንዲህ ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በ2016 መጀመሪያ ገቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮሌጁ አዲስ ቤት አልሠራም፤ ግቢው ውስጥ ያለውን ከፈተ እንጂ። ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት በነጻ ነው። እንግዳው በቤተ መጻሕፍቱም ሆነ በስፖርት አዳራሹ ይገለገላል። ተማሪዎች አልጋ ያነጥፋሉ፣ ድስትና ሳህን ይደረድራሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደው ይቀበላሉ፤ ከዚያም ገበያ ማድረስ፣ ማስተርጎም፣ ልጅ መጠበቅ፣ እንግሊዝኛ ማስጠናት አለ። ሕጋዊ ወረቀቱን፣ ሥራ ማፈላለጉንና ልጆችን ትምህርት ቤት ማስመዝገቡን የሚይዘው ግን ልምዱ ያለው የስደተኞች ድርጅት ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል ባይኖር የተማሪው በጎ ፈቃድ ከፈተና ሰሞን አያልፍም ነበር። ቤተሰቡ ለጥቂት ወራት ከኪራይ ተገላግሎ ገንዘብ ያጠራቅምና የራሱን ቤት ተከራይቶ ይወጣል። በኋላ ዌክ ፎረስትን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከትለዋል።

አንድ ነገር ያሰጋኛል፤ ኮሌጅ ፎቶ ይወዳል። የተቀበለውን ቤተሰብ የማስታወቂያ መጽሔቱ ሽፋን ላይ ካወጣው እርዳታው ዕዳ ይሆናል። እንግዳ ታሪኩን ለማንም የመተረክ ግዴታ የለበትም።

ካናዳ ሌላ መንገድ አላት። ከ1978 ጀምሮ የካናዳ ተማሪዎች ከትምህርት ክፍያቸው ላይ ጥቂት እያዋጡ፣ ኬንያን በመሳሰሉ አገሮች የተጠለሉ ወጣት ስደተኞችን ያስመጣሉ፤ የመጣው ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ቋሚ ነዋሪ ነው።

ጥር 2025 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ ስላቆመ አዲስ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ቀድመው የገቡት ግን ዛሬም ቤት ይፈልጋሉ። አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ያንን የመጀመሪያ ዓመት ታውቁታላችሁ። ልጃችሁ ኮሌጅ ከገባ፣ ግቢው ውስጥ ባዶ የተቀመጠ ቤት መኖሩን ይጠይቅላችሁ። ቢያንስ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚያስተረጉም ሰው አይጠፋችሁም።