ለሰቆጣ መንገድ የተቋጠረ ዲስክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልድያና በላሊበላ በኩል ሰቆጣ ለመግባት ያሰበ ሰው ስንቁን የሚቋጥረው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። የዋግን ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቅ መንገደኛ «ከመንገድ አገኛለሁ» ብሎ ባዶ እጁን አይነሣም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልናወሳ ያሰብነው ለሰው ሳይሆን ለኮምፒዩተር ስለሚቋጠር ስንቅ ነው፤ ይኸውም የኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮግራም፣ እስከ ዕለቱ የወጡት ማሻሻያዎች፣ ለየዕቃው የሚያስፈልጉት ድራይቨሮች፣ በመጫን ጊዜ ለሚቀርቡትም ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ሁሉ አስቀድሞ ተሰናድቶ የሚገባበት ዲስክ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ አንድ ጊዜ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አይጠብቀውም፤ ራሱ ይጭናል፣ ራሱ ያጠፋል፣ ራሱ ያበራል፣ ሲጨርስም ለሥራ የተዘጋጀ ኮምፒዩተር ያስረክባል።

ነገሩ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች መንገር ይገባል ያልንበት ምክንያት አለን። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በሰቆጣ፣ በአምደወርቅ፣ በጽጽቃ ወይም በአስከተማ የሚመደብ ወጣት የተማረው ሒሳብም ይሁን ሕግ፣ እርሻም ይሁን ታሪክ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር በተበላሸ ቀን የሚጠራው እሱ ነው። «አንተ ልጅ፣ የዘመኑ ሰው ነህና እስቲ እየው» ይባላል። አላውቅም ቢል ማንም አያምነውም። ጥቂት ከተነካካ በኋላም የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!»

የወረዳ መሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒዩተር ሥራ የሚፈታ ከሆነ ቆይቷል። በ1995 ዓ.ም. በጀት በብሎክ ግራንት መልክ ወደ ወረዳ መውረድ ከጀመረ ወዲህ ወረዳ ደብዳቤ ማስተላለፊያ መሆኑ ቀርቶ ገንዘብ የሚመድብ፣ ሒሳብ የሚዘጋ፣ ሪፖርት የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሆነ። የበጀትና የወጪ ሒሳብ የሚያዝበት አይቤክስ የተባለው ፕሮግራም መጣ፤ ወረዳዎችን በሳተላይት ጭምር የሚያገናኘው ወረዳኔት ተዘረጋ፤ በኋላም የጤናው ዘርፍ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን የመረጃ ሥርዓት ያዘ። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉን አንባቢ አይዘነጋውም። በጤና ጣቢያ የተመዘነው የሕፃን ክብደት ተደምሮ ወደ በላይ የሚደርሰው በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ የተኛ እንደሆነ ቁጥሩም አብሮ ይተኛል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። በአንድ መሥሪያ ቤት 20 ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው አዲስ ከተጫኑ በኋላ 2 ጊጋባይት ማሻሻያ ከኢንተርኔት መሳብ ቢኖርባቸው ጠቅላላው 40 ጊጋባይት ይሆናል። መሥመሩ በሰከንድ 512 ኪሎቢት የሚያስተላልፍ ቢሆን፣ አንዲት ደቂቃ ባይቋረጥና ሌላ ሰው ባይነካው እንኳ ሥራው ሌትና ቀን ተሠርቶ የሚያልቀው ከ7 ቀን በኋላ ነው። መብራት ቢጠፋስ? መሥመሩ ቢቆረጥስ? ያው አንዱ ማሻሻያ በዚያ ቀጭን መሥመር 20 ጊዜ ይጎተታል ማለት ነው። ዲስክ የተሰናዳ እንደሆነ ግን ፈጣን መሥመር ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳባል፤ ከዚያ ወዲያ ሰቆጣ የሚገባው በሰው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ነው። አውቶቡስ ከኢንተርኔት የሚፈጥንበት ጊዜ አለ ብንል ቀልድ አይደለም።

ጉዳቱ የጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ በትዕግሥት ይታለፍ ነበር። አዲስ የተጫነ ኮምፒዩተር ማሻሻያውን እስኪያገኝ ድረስ በሩ እንዳልተዘጋ ቤት ነው። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ብላስተር የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። በዚያን ወራት ዊንዶውስ ኤክስፒን አዲስ ጭኖ «ማሻሻያውን ላምጣ» ብሎ ኢንተርኔት የከፈተ ሰው፣ መድኃኒቱ ሳይደርስለት በሽታው ይቀድመው ነበር። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ፋይል እየቆለፈ ቤዛ የሚጠይቀው ዋናክራይ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሥራ ሲያስፈታ ደግሞ መድኃኒቱ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። መድኃኒቱ ነበረ፤ የተጎዳው እሱ ያልደረሰበት ኮምፒዩተር ነው። «እኛ መሥመር የለንም፤ ቫይረስ ከየት ይመጣብናል?» የሚሉ ሰዎችም አሉ። ከፍላሽ ይመጣል። በ2001 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር በመረብም በፍላሽም ይጋባ ነበር፤ ፍላሽ ደግሞ መሥመር በሌለበት አገር ዋናው ፖስተኛ ነው።

የዲስኩ አሠራር እንዲህ ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ዲስክ ዊም የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ይዟል፤ ሙሉው ፕሮግራም ታጥፎ የተቀመጠው በዚያ ውስጥ ነው። አሰናጁ ይህን ፋይል በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይፈታዋል፤ ዲስም በተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ማሻሻያዎቹንና ድራይቨሮቹን ያስገባበታል፤ መልሶም ይጠቀልለዋል። በኤክስፒ ዘመን በ2000 ዓ.ም. የወጣውን ሦስተኛውን ሰርቪስ ፓክ ከመጀመሪያው ፕሮግራም ጋር አዋሕዶ በአንዲት 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ማስፈር የብዙ ወጣቶች መፎካከሪያ ነበር። ዛሬ ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ኮምፒዩተር ስለበዛ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ፍላሽ ሆኗል፤ እኛ ግን ዲስክ ማለትን አልተውንም። ፍላሹ በፋት 32 የተሰናዳ እንደሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፣ ዊሙ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ መቀመጥ አለበት። ይህን ያልሰማ ሰው ግማሽ ቀን ሲታገል ይውላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የድራይቨር ነገር ነው። ድራይቨር ማለት ዋናው ፕሮግራም ከየዕቃው ጋር የሚነጋገርበት አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ሲወጣ ኋላ የመጡትን የሃርድ ዲስክ መቆጣጠሪያዎች አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን «ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም» ይላል፣ አለዚያም ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ይቆማል። የተሰጠው መፍትሔ ኤፍ 6 ተጭኖ ድራይቨሩን በፍሎፒ ማቀበል ነበር፤ አዲሱ ኮምፒዩተር ግን የፍሎፒ ማስገቢያ የለውም። ዊንዶውስ 7 ደግሞ በተራው ዩኤስቢ 3ን ሳያውቅ ስለተወለደ፣ ከ2008 ዓ.ም. ግድም ወዲህ በተሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ መጫን ሲጀመር ኪቦርዱና ማውሱ ይሞታሉ። ቋንቋ ምረጡ የሚል ጥያቄ ገጹ ላይ ቆሟል፤ መልስ የሚሰጥበት እጅ የለም። የኔትወርክ ካርድ ነገርማ እንደ እንቆቅልሽ ነው፦ ድራይቨሩ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት የሚገባው ግን በድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩ ከዲስኩ ጋር አብሮ የተጓዘ እንደሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አይነሣም።

በዋግ ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል፤ ኤሌክትሪክና ስልክም ተቋርጠው ከርመዋል። ከእንዲህ ያለ ጥፋት በኋላ መሥሪያ ቤት እንደገና ሲቋቋም ዕቃው ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን አይመጣም። አንዱ የተገዛ፣ አንዱ በርዳታ የተገኘ፣ አንዱ ከሌላ ቢሮ የተዛወረ፣ አንዱም ከተረፈው ተጠግኖ የቆመ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ በግምት የተሠራ ዲስክ ሰቆጣ ደርሶ ቢያፍር አያስገርምም። የዲስኩ ሥራ የሚጀመረው ሰቆጣ ላይ በሚጻፍ ዝርዝር ነው ብለን እናምናለን። እያንዳንዱ ዕቃ የፋብሪካና የሞዴል መለያ ቁጥር አለው፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ አውጥቶ ያሳያል፤ ትክክለኛው ድራይቨርም የሚገኘው በዚያ ቁጥር ነው። ይህን ዝርዝር የሚጽፈው ቅድም «አንተ ልጅ» የተባለው ወጣት ሲሆን፣ ከሥራው ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሠራው እሱ መሆኑን በበላይ ያለው ባለሙያ ሊያውቅለት ይገባል። ዲስኩ ሲያልቅ በቨርቹዋል ማሽን መሞከሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቨርቹዋል ማሽን የሰቆጣን ኔትወርክ ካርድ አልያዘምና ድራይቨሩን የሚመሰክረው እውነተኛው ኮምፒዩተር ብቻ ነው።

ወደ መልሱ ወረቀት እንለፍ። አውቶአናቴንድ የሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ከዲስኩ ሥር የተቀመጠ እንደሆነ ዊንዶውስ ሰውን መጠየቁን ትቶ መልሱን ከዚያ ያነባል፦ የኮምፒዩተሩ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ ቋንቋው፣ ሰዓቱ። ሰዓቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። የእኛን ሰዓት ዊንዶውስ የሚያውቀው በናይሮቢ ስም ነው፤ ይህ ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ሊነሣ ይችላል፤ ዛሬ ጧት የተመዘገበው ሒሳብም የትናንት ቀን ይዞ ይገኛል።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1992 ዓ.ም. መግቢያ በዩኒኮድ ቦታውን ያገኘ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ቅርጽና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው ቪስታ በጥር 1999 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርብ ነው። ከዚያ በፊት በየቢሮው የተጻፈው ብዙው ነገር በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በተሳሉ ቅርጾች ስለነበረ፣ ያ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ደብዳቤው የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ መዝገብ ላለው መሥሪያ ቤት የድሮዎቹም ቅርጾች ከዲስኩ ውስጥ መግባት አለባቸው። በዋግ ደግሞ ኽምጣኛ አለ። ኽምጣኛ በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ የማይጠቀምበትን «ጘ»ን የመሰለ ፊደልም ያስፈልገዋል። ዲስኩን የሚያሰናዳው ሰው ይህን ካላሰበ፣ የኽምጣኛ መምህር የፈተና ወረቀት ሲያዘጋጅ ከፊደሉ ይልቅ ባዶ አራት ማዕዘን ይወጣለታል። የአማርኛ ኪቦርድ ተገጠመ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም።

አንድ ጥያቄ ግን መልሱ አስቀድሞ ባይጻፍ እንመርጣለን። ይኸውም ሃርድ ዲስኩ ይጥፋ ወይስ አይጥፋ የሚለው ነው። የመልሱ ፋይል «የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ አጥፍተህ ጫን» የሚል ከሆነ ዲስኩ ያለ ጥያቄ የታዘዘውን ይፈጽማል። አንድ ሰው ፍላሹን ሰክቶ ረስቶት ቢሄድና መብራት ጠፍቶ ቢመጣ፣ ኮምፒዩተሩም ከፍላሽ እንዲነሣ ተደርጎ የነበረ እንደሆነ፣ የዓመቱ ሒሳብ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ደብዛው ሊጠፋ ይችላል። እርግጥ ይህ ጥያቄ ከቀረ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ራሱን የቻለ አይሆንም፤ ሰው አንድ ጊዜ ቆሞ መመለስ ይኖርበታል። ይቁምና ይመልስ። የፋይናንስ ሠራተኛዋ «ግልባጩን ይዤአለሁ» ሳትል ያ ቁልፍ መነካት የለበትም።

በየሱቁ «ሁሉም ድራይቨር ያለው» ተብሎ የሚገኘው ዲስክስ አይበቃም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ማን እንዳሰናዳው፣ ምን እንደጨመረበት፣ ምን እንደቀነሰበት አይታወቅም። ማሻሻያ መቀበያውንና መከላከያውን ቆርጦ «ፈጣን ነው» የሚል አለ፤ የሰውን የይለፍ ቃል የሚሰልል ነገር የሚጨምርም አይታጣም። የባለቤትነት ፈቃድም አለ፤ የራስን ፈቃድ ቁጥር በመልሱ ወረቀት ላይ መጻፍና የተሰረቀ ቁጥር ማባዛት የተለያዩ ናቸው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል፤ ተጨማሪ ጊዜ የሚገኝበት መንገድ ቢኖርም ማብቂያ አለው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን አይቀበልም። ለእነዚህ ሊኑክስን ማሰብ ይሻላል። ሊኑክስን ማባዛትና ማደል የተፈቀደ ነው፤ ኡቡንቱ ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። የመልስ ወረቀትም አለው፤ በደቢያን ፕሪሲድ፣ በሬድ ሃት ኪክስታርት ይባላል። ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ መሥራታቸው አስቀድሞ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይታይ።

መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ዲስክ እንደ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሊኖረው ይገባል። ማኅተምም አለው፤ ሻ-256 በተባለው ስሌት ከፋይሉ የሚወጣ 64 ፊደልና አኃዝ ነው። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ማኅተሙ ሌላ ይሆናል። ይህን ማኅተም ከዲስኩ ጋር ሳይሆን በሸኚው ደብዳቤ ላይ ወይም በስልክ መላክ ነው፤ ሰቆጣ ያለው ተቀባይ ያሰላና ያስተያያል። በዲስኩ ሽፋን ላይ ደግሞ ያሰናዳው ሰው ስም፣ ለየትኞቹ ሞዴሎች እንደሆነና ማሻሻያው እስከየትኛው ወር እንደሚደርስ ይጻፍበታል። ስድስት ወር ካለፈው አዲሱ ይላካል፤ አሮጌው ከመሳቢያ ወጥቶ ሲዲ ከሆነ ይሰበራል፣ ፍላሽ ከሆነ ጠፍቶ አዲሱ ይጻፍበታል።