ላፕቶፑ ደካማ ነው ከማለታችን በፊት



የሶፍትዌር ሬዲዮ ለመሞከር ያሰበ ተማሪ ብዙ ጊዜ ወደኋላ የሚለው «የኔ ላፕቶፕ አይችለውም» ብሎ ነው። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ደግሞ ለአብዛኞቻችን ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አቅም የሚበላው የኮዱ አሠራር ስለሆነ፣ ማሽኑን ከመውቀሳችን በፊት ኮዱን እንመርምር።

በተለመደው ሬዲዮ ጣቢያ የሚመርጠውና ድምፅ የሚያወጣው ሰርኪት ነው። በሶፍትዌር ሬዲዮ ግን መቀበያው ሲግናሉን ወደ ቁጥር ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ያስረክባል፤ የቀረውን ኮድ ይሠራዋል። ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ግኑ ሬዲዮ ነው። በነፃ ይገኛል፤ ኮዱንም ማንም አንብቦ ማሻሻል ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለውን ርካሽ መቀበያ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና እንዲልክ አዘዝነው እንበል። በ2 ጊጋኸርዝ የሚሠራ አንድ ኮር ለእያንዳንዱ ናሙና ያለው ጊዜ 833 ዑደት ገደማ ብቻ ነው። ኮዱ ከዚህ ካለፈ ናሙና ይጠፋል፤ ተርሚናሉ ላይ የእንግሊዝኛው «ኦ» ፊደል ይደረደራል፤ ድምፁም ይቆራረጣል።

እዚህ ሻሸመኔ ከሚሰሙት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች አንዱን መስማት ብንፈልግ፣ የአንድ ጣቢያ ስፋት 200 ኪሎኸርዝ ያህል ነው። ስለዚህ ጣቢያውን በማጣሪያ ለይተን የናሙናውን ብዛት ወደ 240 ሺህ ማውረድ ይበቃናል። ማጣሪያው 100 ኮኤፊሸንት ቢኖረው፣ ሁሉንም ናሙና አጣርተን ከዚያ ከአሥሩ ዘጠኙን ብንጥል በሰከንድ 240 ሚሊዮን ብዜት እንፈጽማለን። ይህ አሥር ጆንያ ድንች አጥቦ ዘጠኙን እንደ መድፋት ነው። ውጤቱን ለምናስቀረው ናሙና ብቻ ብናሰላ ግን 24 ሚሊዮን ይበቃል። እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ቁጥር ስለሚይዝ ሁለቱም ስሌቶች በእጥፍ ያድጋሉ፤ የአሥር እጥፍ ልዩነቱ ግን አይለወጥም። የምናገኘው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። በግኑ ሬዲዮ ይህን ለማግኘት ማጣሪያውንና ቅነሳውን በሁለት ብሎክ ከመለያየት ይልቅ፣ የማጣሪያው ብሎክ ውስጥ የቅነሳውን ቁጥር 10 ብሎ መሙላት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፕሮሰሰሩ ያለውን አቅም መጠቀም ነው። አሮጌ ላፕቶፖች እንኳ ኤስኤስኢ በሚባሉት ትእዛዞች አራት ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ ያሰላሉ፤ ኤቪኤክስ ያላቸው ደግሞ ስምንት። ቮልክ የተባለው የግኑ ሬዲዮ ቤተ መጻሕፍት ለአንድ ስሌት በርካታ አማራጭ ኮዶችን ይዟል። ቮልክ ፕሮፋይል የሚለውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ስናስኬድ ሁሉንም በኛው ማሽን ላይ ይፈትንና ፈጣኑን መዝግቦ ያስቀምጣል። በአንጻሩ ይኸንኑ ማጣሪያ በፓይተን ሉፕ አንድ በአንድ ብንጽፈው ከ833ቱ ዑደት እጅግ ያልፋል።

ከሁሉም በፊት ግን መለካት ይቀድማል። ከጠቅላላው ጊዜ 5 በመቶ ብቻ የሚወስድ ክፍል ላይ ሳምንት ብንደክም የምናተርፈው ከ5 በመቶ አይበልጥም። በሊኑክስ ላይ ፐርፍ የተባለው መሣሪያ ጊዜውን የሚበላው የትኛው ፈንክሽን እንደሆነ ያሳያል። አንዳንዴ ጥፋተኛው ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ግራፍ ይሆናል፤ እሱን መዝጋት ብቻ ይበቃል።

መቀበያ የሌለንም በፋይል የተቀመጠ ሲግናል ተጠቅመን ይህን ሁሉ መለማመድ እንችላለን። ማሰራጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። በልምምዳችን ያገኘነው ማሻሻያ በልኬት የተረጋገጠ ከሆነ ለፕሮጀክቱ እንላከው። ተቀባይነት ካገኘ፣ ኢንሻአላህ፣ እንደኛው አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ሌላ አገር የተቀመጠ ተማሪም ይጠቀምበታል።