ያውቁ ኖሯል? ዥንጉርጉር እንጨት፣ በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ

የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ቅጠል የሜፕል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሽሮፑን የቀመሰም አይጠፋም፤ አንድ ሊትር ለማግኘት 40 ሊትር ያህል የዛፍ ፈሳሽ ተንተክትኮ ማለቅ አለበት። ይኸው ዛፍ ከ250 ዓመት በፊት በፔንሲልቬኒያ ለጠመንጃ ሰደፍ ይጠረብ እንደነበር፣ ዛሬም ባሩድና እርሳስ በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ በእጃቸው የሚሠሩ አሜሪካውያን የሜፕል ጣውላ ሲያገላብጡ እንደሚውሉስ ያውቁ ኖሯል?

የሚፈልጉት ተራውን ሜፕል አይደለም። አንዳንድ ዛፍ ጅማቱ ቀጥ ብሎ አያድግም፤ ሞገድ እየሠራ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ግንድ በመጥረቢያ ቢፈልጡት ገጹ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሸንተረር ሸንተረር ነው፤ ሸንተረሩን ጣት እየዳሰሰ ይቆጥረዋል። ተልጎ ሲለሰልስ ጣት ምንም አያገኝም፣ ዓይን ግን ያገኛል፦ አንዱ ሞገድ ብርሃኑን ወደ እርስዎ ሲመልሰው ቀጣዩ ወደ ጎን ይልከዋልና ደማቅና ደብዛዛ መስመር ይደረደራል። እንጨቱን ዘንበል ካደረጉት ደማቁ ይደበዝዛል፣ ደብዛዛው ይደምቃል። አሜሪካኖቹ «ታይገር ሜፕል» ይሉታል። የእኛ ነብር ባለ ጠቃጠቆ ስለሆነ የሜዳ አህያ ብንለው ይሻላል።

የቫዮሊን ጀርባ ላይ የሚታየው መስመርም ይኸው ሞገድ ነው። ዛፉ የአውሮፓው የሜፕል ዘመድ ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «አንድም ሳይቀር፣ ከነምኑም» ለማለት «ሎክ፣ ስቶክ ኤንድ ባረል» ሲል የጠመንጃን ክፍሎች እየቆጠረ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እሳት ጫሪው፣ ሰደፉና የብረት ቱቦው ማለት ነው።

«ሜፕል ነው» ብሎ የሚሸጥልዎትን «የትኛው ሜፕል?» ብለው ይጠይቁት። የእንጨት ጥንካሬ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ 11.28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን የብረት ኳስ እስከ ወገቧ እንጨቱ ውስጥ ለመክተት ምን ያህል ጫና እንደሚያስፈልግ ማየት ነው። ስኳር ሜፕል ወደ 650 ኪሎ ይጠይቃል፣ ቀይ ሜፕል ወደ 430 ብቻ። በወታደር ጠመንጃ የሚታወቀው ጥቁር ዋልነት 460 አካባቢ ነው። ልዩነቱ መሮ ሲነካው ይታወቃል፦ ጠንካራው ስል ጠርዝ ይይዛል፣ ለስላሳው ይፈረፈራል።

አሁን ዋናው ነገር። ሰደፍ በጣም የሚቀጥነው መዳፍ በሚጨብጠው ቦታ ነው፤ አንገት እንበለው። ከላይ ቱቦውን ከሰደፉ ጋር ለሚያስረው ብሎን ይበሳል፣ ከጎን እሳት ጫሪው እንዲቀመጥ ይቦረቦራል፣ ከታች ለቃታው ይፈለፈላል፤ የሚተርፈው እንጨት ጥቂት ነው። ስለዚህ ጅማቱ ከአንገቱ ጋር አብሮ ቁልቁል መውረድ አለበት። አቋርጦ ከወጣ ጠመንጃው አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ በወደቀ ጊዜ እዚያው ላይ ቀጭ ይላል። ችግሩ ያ የምንወደው ሞገድ ራሱ ጅማትን የሚያቆራርጥ መሆኑ ነው፤ መስመሩ በበዛ ቁጥር እንጨቱ ይደክማል። ሻጭ ደግሞ ፎቶ ሲያነሳ ሰፊውን የሰደፍ ጎን ነው የሚያሳየው። እኔን ከጠየቁኝ መስመሩ ሰደፉ ላይ ቢግተለተል፣ አንገቱ ላይ ሲደርስ ቀዝቀዝ ቢል እመርጣለሁ። ዓይን ሰደፉ ላይ ከመፍሰሱ በፊት አንገቱን ይይ።

ያልተላገ ጣውላ መስመር ይኑረው አይኑረው ለማወቅ አውራ ጣትን ምራቅ አስነክቶ ማሸት ይበቃል። መስመሩ ብቅ ይላል፣ ሲደርቅ ይሰወራል።

በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይቆያል የሚል የአናጺ ልማድ አለ። ለሰደፍ የሚሆነው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚወፍር ከሁለት ዓመት በላይ መጠበቅ ነው። ያልደረቀ እንጨት ብረቱ ከገባበት በኋላ ይኮማተራል፤ ያኔ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ብረቱን ያጣብቃል።

የእነዚህ የፔንሲልቬኒያ ጠመንጃዎች ቅድመ አያት ጀርመናዊ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞች እዚያው ላንካስተርና አካባቢው ሲሰፍሩ «ዬገር» ማለትም «አዳኝ» የሚባለውን አጭርና ወፍራም ጠመንጃ ይዘው መጡ። በ18ኛው መቶ ዘመን ቱቦውን አስረዘሙት፣ ቀዳዳውን አጠበቡት፤ ጠባብ ቀዳዳ ትንሽ እርሳስ ነው የሚበላው። ዋልነቱንም በአብዛኛው በሜፕል ተኩት። የተሠራው ፔንሲልቬኒያ ሆኖ ሳለ «የኬንታኪ ጠመንጃ» ተብሎ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1815 ስለተካሄደው የኒው ኦርሊንስ ጦርነት የተዘፈነ አንድ ዘፈን ስሙን ስላዛመተው ነው። ዝናው ለኬንታኪ፣ ልፋቱ ለላንካስተር።

ቱቦው ስምንት ማዕዘን ነው፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 107 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ። ጥሩው ከኋላ ወፍሮ ይጀምራል፣ መሐሉ ይቀጥናል፣ አፉ ላይ መልሶ ይሰፋል። ክብደቱን አሳምሮ ያከፋፍላል፣ እንጨት ውስጥ ለማስገባት ግን አበሳ ነው።

ጥይቷ ከቀዳዳው እንደምታንስስ? 12.7 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀዳዳ 12.45 የሆነች ክብ እርሳስ ትመረጣለች። በቅባት በራሰ 0.38 ሚሊ ሜትር በሚሆን ጨርቅ ተጠቅልላ ትወርዳለች። ጨርቁ ከክፍተቱ ስለሚወፍር ቱቦው ውስጥ በተፈለፈሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ውስጥ ይጨመቃል፣ እርሳሷንም ያሽከረክራታል። ሰደፉ ጎን ላይ ማጠፊያ ያለው የነሐስ ክዳን ካዩ ጨርቁና ቅባቱ የሚቀመጡበት ሣጥን ነው።

እሳት ጫሪው ላይ ባልጩት ብረት ሲመታ የሚረጨው ፍንጣሪ የባልጩቱ ይመስላል። የብረቱ ነው! ባልጩቱ ብረቱን ፍቆ ያነሳው ብናኝ በአየር ይቃጠላል። ስለዚህ እሳት ጫሪ ሲመርጡ ከጌጡ ይልቅ የሞላውን ጉልበትና የሚመታውን ብረት ጥንካሬ ይመርምሩ፤ ለስላሳ ብረት እሳት አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ባልጩት ከጥቅም ውጭ ያደረገው አንድ የስኮትላንድ ቄስ ነው። አሌክሳንደር ፎርሳይዝ ወፍ ማደን ይወዱ ነበር፤ ወፎቹ የባሩዱን ብልጭታ እያዩ ያመልጧቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1807 ሲመታ የሚፈነዳ ኬሚካል ባሩዱን የሚያቀጣጥልበትን ዘዴ በስማቸው አስመዘገቡ።

ወደ ሀገራችን ብቅ እንበል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአብዛኛው በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር የተሠራው የራሳቸውን በአፉ የሚጎርስ ኤንፊልድ ከኋላ ቆርጠው ከኋላ እንዲጎርስ በማድረግ ነው። አንዱ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። አሮጌ ጠመንጃን «ቁመህ ጠብቀኝ» ማለት ያለ ነገር አልመጣም።

በዛሬው አሜሪካ በማሽን ተቀርጾ ያለቀለት ሰደፍ ይሸጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ቶማስ ብላንቻርድ የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ አንድን ሰደፍ እያየ ሌላውን የሚቀርጽ መኪና ሠርቷል።

በእጅ ለሚሠሩት ግን ብረት እንጨት ውስጥ ልክክ ብሎ እንዲገባ መፍትሔው ጥላሸት ነው። ብረቱን ሻማ ላይ ያጠቁሩታል፣ ቦታው ላይ ጫን አድርገው ያነሱታል። ጥቁር ነጥብ ያረፈበት ከፍ ያለ ቦታ ነውና እዚያችን ብቻ በመሮ ይልጧታል። እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና መሮ። አንድ መቶ ጊዜ ቢደጋገም አይግረምዎ።

ቀለሙስ? ብረት የሟሟበት ናይትሪክ አሲድ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ የጋለ ብረት ይጠጋበታል። አረንጓዴ ቢጤ የነበረው እንጨት ዓይንዎ እያየ በቅጽበት ወደ ቀይ ቡናማ ይገለበጣል። ሞገዱ ጫፉን ወደ ላይ ያዞረበት ቦታ አብዝቶ ስለሚጠጣ ይጠቁራል፤ መስመሩ የሚጎላው ያኔ ነው። ላዩ ላይ የተልባ ዘይት በመዳፍ ይታሻል።

በየሙዚየሙና በሰብሳቢዎች እጅ ካሉት የድሮ ጠመንጃዎች አንገታቸው ተሰብሮ በስስ ነሐስ ወይም በጠፍር የተጠገኑ ብዙ ናቸው። ቀረብ ብለው ካዩ አንዳንዱ ላይ ያ ውብ መስመር ሳይቋረጥ ነሐሱ ሥር ሲገባ ይታያል።